የክራርን ድምፅ እንዴት ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

ድሬዳዋ ላይ በሙቀቱ ወራት፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ግቢ ወይም በረንዳ ላይ አንጥፎ የሚያድር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ማታ ክራር የሚለማመድ ሰው ድምፁን መግራት ግድ ይሆንበታል። ክር ብቻውን የሚያሰማው ድምፅ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጎልቶ የሚሰማው ንዝረቱ በበርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ በሚደግፈው) በኩል ወደ ተወጠረው ቆዳ ሲተላለፍ ነው። መቀነስ ያለበትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መግረፊያውን አስቀምጠው በጣት ይደርድሩ። በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ስለሚመታ፣ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ቢያፍንም ድምፁ ከድርደራ ይበልጣል። ሲደረድሩም ጥፍር ሳያስነኩ በጣት ሥጋ፣ ከበርኩማው ራቅ ብለው ቢነኩ ድምፁ ይለሰልሳል።

ይህ ካልበቃ፣ ከአሮጌ ነጠላ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቀደው በበርኩማው ጥግ አንዱን ክር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያሳለፉ ይጠልፉት። ድምፁ አጠር፣ ደንዘዝ ቢልም ቅኝቱ በግልጽ ይለያል፤ ጨርቁን ከበርኩማው ካራቁት ግን ክሩ ጨርሶ ይታፈናል። ከሁሉም እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። በርኩማው ከፍ ያለ ከሆነ ቀላል የልብስ መቆንጠጫ ቢያስነክሱበትም ክብደቱ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ ቫዮሊን ተጫዋቾች በበርኩማቸው ላይ የሚሰኩት የጎማ ማፈኛም ሥራው ይኸው ነው።

ክሮቹን ማላላት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ትዝታም ሆነ ባቲ የተቃኘው ሁሉ ይፈርሳል። ቆዳውን ውኃ ማስነካትም እንዲሁ አይመከርም፤ ለጊዜው ላልቶ ድምፁ ቢደክምም፣ በድሬ ደረቅ አየር ፈጥኖ ሲደርቅ መልሶ ይወጠራል፤ እንዲህ መመላለሱ ደግሞ ቆዳውን ይጎዳዋል።

ቤት ውስጥ ከሆኑ የክራሩን ፊት ባዶ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወደ ፍራሽ ወይም ወፍራም መጋረጃ ያዙሩት። ሰፊ ግቢ ካለ ደግሞ ከተኙት ሰዎች ያለዎትን ርቀት ከ5 ወደ 10 ሜትር ማሳደግ ብቻውን ድምፁን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል።

የኤሌክትሪክ ክራር ያለው ሰው ማጉያውን ትቶ በጆሮ ማዳመጫ ቢለማመድ ይበቃዋል። ክራሩ ቆዳ ለብሶ የድምፅ መሳቢያ (ንዝረቱን ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልክ መሣሪያ) የተገጠመለት ከሆነ ግን፣ ማጉያውን ማጥፋት የቆዳውን ድምፅ ስለማያጠፋ፣ የነጠላው ቁራጭ ለእሱም ያስፈልገዋል።