ክላውንፊሽ በኮዬ ፈጬ፦ መጀመሪያ ውኃው

ክላውንፊሽ (ነጭ ቀለበት ያለው ትንሽ የባሕር ዓሣ) ማኖር የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዓሣው የት እንደሚገኝ ነው። እኔ ደግሞ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣለት እጠይቀዋለሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ሰፈር የጨው ውኃ ዓሣ ማኖር ይቻላል። ክላውንፊሽ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ ውኃው ከተስተካከለለት ዓመታት ይኖራል።

ለሁለት ዓሣ 100 ሊትር ገንዳ ያዙ። ትንሽ ውኃ ቶሎ ስለሚበላሽ ከዚያ ባያንስ ይሻላል። ከነመስታወቱና ከነድንጋዩ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የቲቪ ማስቀመጫ አይችለውም። ብረት በያጅ ጋ ሂዱና በልኩ መቆሚያ አሠሩ። ቀለሙን ደግሞ ደርቡት፣ ጨው ብረት ይበላል።

ጨውን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የአፍዴራ ጨው ገንዳ ውስጥ አይግባ። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ባሕር ውስጥ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ባይካርቦኔትም አሉ። ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ8.0 እስከ 8.4 እንዲቆይ የሚያደርገውም ባይካርቦኔቱ ነው። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ግዙ፤ እዚህ ካጣችሁ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያምጣላችሁ። መጠኑ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 700 ግራም ማለት ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው መጀመሪያ በክሎሪን ማጥፊያ አክሙት። ጨውን በባልዲ በጥብጡ፣ በፓምፕ እያንቀሳቀሳችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም በጨዋማነት መለኪያ፣ ለኩ። 1.025 ካሳየ ደርሷል። ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ግን ጨው በቀጥታ አትጨምሩ።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል መጣ። ገንዳው በጨው ውኃ ተሞልቶ፣ ድንጋይና አሸዋ ገብቶበት፣ ፊልተሩ እየሠራ፣ ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበትና ይበስብስ። ከብስባሹ አሞኒያ ይወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ። በተለይ አሞኒያ ፒኤች ከፍ ባለበት ውኃ ውስጥ ይበልጥ መርዛም ነው፤ የጨው ውኃ ደግሞ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቴስት ኪቱ (የውኃ መመርመሪያው) አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው፣ ናይትሬት ብቅ ማለቱን እስኪያሳይ ዓሣ አትግዙ። ሻጩ "ችግር የለም፣ ይለምደዋል" ቢላችሁም አትስሙት።

ቀጥሎ ስለ አየር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አያስቡትም። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩና የውኃው ገጽ ሁልጊዜ ይናወጥ። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ይመጣል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ይኑራችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ከጠፋ ገንዳውን በጋቢ ሸፍኑት፤ የአየር መግቢያ ግን ተዉለት። በሌላው ጊዜ ሂተሩ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይሁን።

የአየር ፓምፑ የሚስበው የቤቱን አየር መሆኑን አትርሱ። ቡና ከገንዳው አጠገብ አይፈላ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያበዛና ፒኤች ያወርዳል። ፍሊት የሚነፋ ከሆነ ፓምፑን ሌላ ክፍል አድርጉት፣ ገንዳውንም ክደኑ። የትንኝ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው።

ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና የጎደለውን ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውኃ ሙሉ፤ የጨው ውኃ ከጨመራችሁ ጨዋማነቱ እየከረረ ይሄዳል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አንድ ጀሪካን አውጥታችሁ አንድ ጀሪካን አዲስ የጨው ውኃ ተኩ። ሮቶ ለሌለው ሰው ሁለት ትርፍ ጀሪካን በተጠንቀቅ መኖር አለበት።

ዓሣ ስትመርጡ ሰው ቤት የተፈለፈለውን ጠይቁ። ቀይ ባሕር ሁለት ነጭ ቀለበት ያለው የራሱ ክላውንፊሽ አለው፤ ግን ተለቅ ያለና ቁጡ ነው። ለጀማሪ ባለ ሦስት ቀለበቱ ኦሴላሪስ ይሻላል። አንዱ ተለቅ፣ ሌላው አነስ ያለ አድርጋችሁ ሁለት ግዙ። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል። ሦስተኛ አትጨምሩ፣ ይደበደባል። አኔሞኒ፣ ማለትም ክላውንፊሽ ባሕር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሳይ እንስሳ፣ የግድ አያስፈልጋቸውም። አኔሞኒ ጠንካራ ብርሃንና ቢያንስ ዓመት ገደማ የቆየ ገንዳ ስለሚፈልግ ለጊዜው ተዉት።

ከተስማሙ እንቁላል ይጥላሉ። ያልተቀባ፣ ሳሙና ያልነካው ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በጎኑ አጋድማችሁ አስገቡላቸው። ወንዱ እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን እጃችሁን ስትከቱ ሊነክሷችሁ ይችላሉ፤ ጓንት አድርጉ፣ ማሰሮውንም አትነካኩት።