ሕመምን በእንግሊዝኛ ለሐኪም ለማስረዳት
እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» የሚለውን ብቻ በመተርጎም «ሲክ» ነኝ ማለት የሕመሙን ዓይነት ስለማያስረዳ፣ አስቀድሞ ትክክለኛውን የአማርኛ ግስ መምረጥና እንግሊዝኛውን ከዚያ መፈለግ ይቀላል። የሚወጋ ከሆነ «ስታቢንግ»፣ የሚለበልብ ከሆነ «በርኒንግ»፣ ሆድን ጨምድዶ ይዞ የሚለቅ ከሆነ «ክራምፕ» ነው፤ ከልብ ምት ጋር እየተመታ የሚጠዘጥዝ የጥርስ ሕመም ደግሞ «ስሮቢንግ» ይባላል። ይበልጥ የሚያሳስቱት «ኤክ» እና «ሶር» ናቸው፦ «ኤክ» ሳይነኩትም ውስጥ ውስጡን የሚቆረጥም ሲሆን፣ «ሶር» ግን በተለይ ሲነኩት፣ ሲያንቀሳቅሱት ወይም ሲውጡ የሚሰማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያነሣ የዋለ ሰው በማግሥቱ ጡንቻው «ሶር» ይሆናል። «ሻርፕ» (ቃል በቃል «ስለታም») ማለትም የግድ ከባድ ማለት አይደለም፤ የመርፌ ውጋትም እኮ «ሻርፕ» ነው። ዘዴው የሚሠራው አማርኛ የሕመሙን ዓይነት በግሱ ስለሚለይ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ያንኑ ብዙውን ጊዜ በቅጽል ስለሚገልጽ ነው። ደረትን ድንገት ጨምቆ ለያዘ ሕመም ግን ቃል ማማረጥ አያስፈልግም፤ «ቼስት ፔይን» ብሎ ወዲያውኑ አስቸኳይ እርዳታ መጥራት ነው።