ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ልጅ ላላቸው የጎጃም ወላጆች ፊልምና መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀርባል

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም የአክስቱ ልጅ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ዐውቆ ከጎኑ ለቆመ፣ አሁን ደግሞ እናትና አባት ልጃቸውን ሳይደበድቡ፣ ሳይረግሙና ከቤት ሳያስወጡ ነገሩን እንዲረዱት ማገዝ ለሚፈልግ የቤተሰብ አባል ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሞጣ የሚኖር ወላጅ ስለዚህ ጉዳይ የሚሰማው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በስድብና በፍርሃት የተሞላ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ካለው፣ ልጁንም ከሚወድ ሌላ ወላጅ አፍ የመስማት ዕድል ግን የለውም ማለት ይቻላል። የፊልምና የመጽሐፍ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ያው ድንጋጤ፣ ያው ሐዘንና ያው ፍቅር የደረሰበትን ሌላ ወላጅ ቤታቸው ድረስ ያመጡላቸዋል። ስለዚህ አንድን ሥራ ስንመርጥ በቅድሚያ ልንጠይቅ የሚገባን ስለ መብት ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከራከር ሳይሆን የወላጅን ልብ ምን ያህል በእውነት እንደሚያሳይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ወይም የልጅቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወላጆቹ ገና ካላወቁ፣ መቼና እንዴት እንደሚነገራቸው የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ አንድ ፊልም ማሳየት እንኳ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ስለሚችል እሱ እሺ ሳይል አይጀመርም። ልጁ የሚኖረው በወላጆቹ ቤት ከሆነ፣ እንጀራውም የትምህርት ወጪውም በእነሱ እጅ ከሆነ፣ ነገሩ በክፉ ቢያዝ የሚያድርበት ቤት፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ እንዲሁም መታወቂያውና የትምህርት ማስረጃው በሚታመን ሰው ዘንድ መቀመጡ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ይህ ካልተሟላ ፊልሙ ይቆይ። አንድ ዓመት ቢዘገይም ልጁ ጎዳና ላይ ከሚወድቅ ይሻላል።

ሕጉንም በትክክል ማወቅ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት በቀላል እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ ደንግጓል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ የተዘረዘሩት የማክበጃ ሁኔታዎች ሲኖሩም ቅጣቱ ይጨምራል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ልጅን መውደድንና በቤት ማኖርን ወንጀል አላደረገም። አንዳንድ አባት ልጁን የሚያባርረው ጠልቶት ሳይሆን ፖሊስ መጥቶ ቤተሰቡን ሁሉ ይወስዳል ብሎ ፈርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ልዩነት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሆኖም ሕግ ያልደረሰበት ቤት ውስጥ የጎረቤት ወሬና የዘመድ ቁጣ ይደርሳልና፣ ሰዎችን ሰብስቦ ፊልም ማሳየት፣ መጽሐፍ ማዋስ ወይም ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ፈጽሞ አይመከርም። የምንናገረው በአንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ወላጅ ጋር፣ በር ተዘግቶ ስለሚደረግ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በመቋረጡ፣ ብዙ ሰው የሚያየውን ነገር በስልኩ ወይም በፍላሽ ጭኖ መንቀሳቀስ ለምዷል። እንዲህ ያለውን ፊልም ግን ጭኖ ኬላ ማለፍ አደገኛ ነው፤ ስልክ ሲፈተሽ የሚገኘው ነገር ለማንም ሊገለጽ የማይችል ጥያቄ ያስከትላልና። የተሻለው መንገድ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ሆኖ ፊልሙን ራስዎ ደግመው መመልከት፣ ወላጆች የሚናገሩበትን ክፍል በአእምሮ መያዝ፣ ከዚያም በቃል መተረክ ነው። በጎጃም ያደገ ሰው ረጅም ታሪክ ሳይሰለች ማዳመጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅበታል። ስለዚህ በቃል መተረክ የፊልም ምትክ ሆኖ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይበልጥ የሚሠራ ሆኖ መታየት አለበት።

ለመጀመሪያው ውይይት የውጭ ሥራ ባይሆን እመርጣለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የጎጃም ተወላጅ፣ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የሚናገረው ነገር የለም፤ ነገር ግን ወላጅ ስለ ክብርና ስለ ዘር ብሎ በልጁ ልብ ላይ ሲፈርድ ምን እንደሚከተል ከእሱ የበለጠ ለእኛ ሰው የሚያስረዳ መጽሐፍ አላውቅም። ራሳቸው ባያነቡትም ውጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ እናቶችና አባቶች ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤታቸው ልጅ ያውቋታል። ከመጽሐፉ ላይ ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩበትን አንድ ምዕራፍ ያንብቡላቸውና፣ ‹‹አባባ፣ ፊታውራሪ ልጃቸውን ይወዱ አልነበረም ወይ? ታዲያ ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር?›› ብለው ይጠይቁ። መልሱን አያርሙ፤ ወደ ራሳቸው ልጅም አይምሩት። አባት በሌላ አባት ላይ የሰጠውን ፍርድ ራሱ ብቻውን ሲሆን መልሶ ያስበዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእናት ታሪክ ነው፤ ለዚህም የጂን ማንፎርድ ታሪክ ይበቃል። ማንፎርድ በኒው ዮርክ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነው ልጃቸው ሞርቲ በአንድ ተቃውሞ ላይ ተደበደበ፤ ፖሊሶችም ቆመው አዩ። እናቲቱ ልጃቸውን እንደሚወዱት በግልጽ የሚናገር ደብዳቤ ለጋዜጣ ጻፉ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲደግፉ የሚጠራ ጽሑፍ ይዘው ከልጃቸው ጎን በአደባባይ ሄዱ። በመንገድ ላይ ወጣቶች እየቀረቡ ከእናትና ከአባታቸው ጋር እንዲያነጋግሯቸው ለመኗቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 20 ያህል ሰዎች የተገኙበትን የመጀመሪያ ስብሰባ አደረጉ፤ ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር የተመሠረተው በዚያ ነው። እናቶች ይህን ሲሰሙ ከሁሉ በላይ የሚይዛቸው ድብደባው ነው፤ ‹‹ልጄንም እንዲህ ያደርጉት ይሆን?›› የሚለው ጭንቀት ከቁጣ ወደ ጥበቃ የሚያሻግር በር ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ዝም ብለው ጊዜ ይስጧቸው።

ከፊልሞች ውስጥ ለጎጃም ወላጅ የሚቀርበው፣ በእኔ ግምት፣ ፒተር ሙሪሚ የተባለው ኬንያዊ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ‹አይ አም ሳሙኤል› የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሳሙኤል በምዕራብ ኬንያ ገጠር ያደገ የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ሰባኪ ናቸው፤ እሱ ናይሮቢ ሠርቶ እያደረ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወላጆቹ መቼ እንደሚያገባ ይጠይቁታል። እርሻው፣ የእናት ዝምታ፣ የአባት ተስፋ፣ ሁሉም ከዳሞትና ከብቸና ቤቶች የራቀ አይደለም። ‹‹ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነው›› ለሚል አባት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ክርክር ሳይነሣ መልሱን ራሱ ያየዋልና። የኬንያ የፊልም ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳይታይ እንደከለከለው፣ እንዲሁም ድብደባ የሚታይበት ክፍል እንዳለው አስቀድመው ይወቁ፤ ያንን ክፍል ለወላጅ ማሳየት አያስፈልግም።

‹ፕሬየርስ ፎር ቦቢ› የተባለው እ.ኤ.አ. የ2009 ፊልም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ሜሪ ግሪፍት የተባሉ አጥባቂ አማኝ እናት ልጃቸውን በጸሎት ለመለወጥ ሲጥሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ራሱን አጥፍቶ ያጡትን፣ በኋላም የሌሎችን ልጆች ለማዳን የተነሡትን እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህም በመጀመሪያ መቅረብ የለበትም። ልጁ ራሱ በተስፋ መቁረጥ ላይ ካለ እሱ ባለበት አይታይ፤ ወላጅንም ‹‹ልጅህ ይሞትብሃል›› ብሎ ለማስፈራራት መጠቀሚያ አይሁን። ነገር ግን ልጃቸውን አስገድደው ጸበል ለመውሰድ ወይም ፈጥነው ለመዳር የተዘጋጁ ወላጆች ካሉ፣ የሜሪ ግሪፍት ታሪክ በጊዜው ይደርሳል። ልጁ ወድዶ መጠመቁና መጸለዩ የራሱ እምነት ነው፤ ማንም አይነካበት። ማሰር፣ መግረፍ፣ ምግብ መከልከል ወይም የማይወዳትን ሴት እንዲያገባ ማስገደድ ግን ልጅን ይሰብራል፤ ሳታውቅ ወደዚያ ትዳር በምትገባው ሌላ ልጅ ላይም ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ‹ፎር ዘ ባይብል ቴልስ ሚ ሶ› የአምስት አሜሪካውያን ክርስቲያን ቤተሰቦችን ታሪክ ይዟል። በውስጡ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት አተረጓጎም ረጅም ክርክር ስላለ፣ የእኛ ኦርቶዶክሳዊ እናት ‹‹ይህ የእነሱ ትምህርት ነው›› ብላ በዚያው ልትዘጋው ትችላለች። ወላጆቹ ስለ ልጆቻቸው የሚናገሩባቸውን ክፍሎች ብቻ መውሰድ ይበቃል።

ለማንበብና ቁጥር ለመመዘን ለሚወድ ወላጅ፣ በተለይም መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ለሆነ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያን የሚመሩት የቤተሰብ ጥናት ያዘጋጃቸው ትንንሽ መጻሕፍትና አጫጭር ፊልሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናታቸው ተመሳሳይ ፆታን ወይም ሁለቱንም ፆታ የሚያፈቅሩ፣ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 224 ወጣቶች ጠይቆ፣ በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከፍተኛ ጥላቻ የደረሰባቸው፣ ጥላቻው ካልደረሰባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከደረሰባቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል ያሉት 8.4 ጊዜ፣ ከባድ ድብርት የታየባቸው ደግሞ 5.9 ጊዜ እንደሚበልጡ አግኝቷል። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ ስለ ጎጃም የተናገረ እንዳይመስል ይህንንም ይንገሩ። የእነዚህ ሥራዎች ትልቁ ጥቅም ወላጅ እምነቱን እንዲለውጥ ሳይጠይቁ፣ ዛሬውኑ ሊያቆመው የሚችለውን ነገር ማሳየታቸው ነው፦ መምታት፣ መሳደብ፣ ከበዓል ማዕድ ማግለል፣ እግዚአብሔር ይቀጣሃል ማለት፣ ጓደኞቹን መከልከል። ‹‹ነገሩን አልቀበለውም፣ ነገር ግን ማንም ልጄን እንዲነካው አልፈቅድም›› የሚል አባት ትልቅ መንገድ ተጉዟል። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አይጠይቁት።

ስለ አቀማመጡ ደግሞ፣ የቡና ሰዓት ምንም እንኳ ለወግ የተመቸ ቢሆን ጎረቤት የሚገባበት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ከገበያ ቀን፣ ከሰንበቴና ከእንግዳ የጸዳ ምሽት ይመረጥ። እናትና አባት አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ በሌላው ፊት ልቡን ይደብቃልና፣ ልጁ ይበልጥ ከሚቀርበው ወላጅ ጋር ለብቻ ይጀመር። በአንድ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ አያሳዩ፤ የቀረውን በቃል ይጨርሱት። ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ቤት ከሆነ ድምፁን አጥፍተው እየተረጎሙ ይቀጥሉ። ሲተረጉሙ የወላጁን ቃል በወላጅ አነጋገር ያቅርቡ፤ ‹‹እማዬ፣ ይህች እናት ምን አለች መሰለሽ፣ ሌሊት እየተነሣሁ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር ነው የምትለው›› ዓይነት ቅርበት ያለው፣ ያልተባለ ነገር ግን የማይጨመርበት ይሁን። ስድብ የሆኑ ስያሜዎችን በየቦታው ‹ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ› በሚለው ይተኩ።

ወላጅ ተቆጥቶ ቢነሣ አይከተሉት፤ በማግስቱም ስለ ሌላ ጉዳይ እንደ ወትሮው ያነጋግሩት። ‹‹በሽታ ነው ወይ?›› ብሎ ከጠየቀ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር እንዳወጣው በአጭሩ ይመልሱ። ‹‹እኔ ምን አጥፍቼ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ግን ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ ጥፋት እንዳልሠሩ፣ አስተዳደጋቸው እንዳላመጣው፣ ልጁም ከትናንት የተለየ ሌላ ሰው እንዳልሆነ ደጋግመው ይንገሯቸው። የንስሐ አባታቸውን ማማከር ቢፈልጉ መከልከል አይቻልም፣ አይገባምም፤ የልጁን ስም ሳያነሡ ስለ ራሳቸው ሐዘን እንዲናገሩ ብቻ ይለምኗቸው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው እናት ራሷ ‹‹ያቺ ሴትዮ ኋላ ምን ሆነች?›› ብላ ስትጠይቅ ወደሚቀጥለው ሥራ መሄድ ይቻላል። የምታነጋግራት ሌላ እናት ብትፈልግ ግን በፌስቡክ አይፈልጉላት፤ ልጁ በሚያምናቸው ጓደኞች በኩል፣ ሁለቱም ልጆች ፈቅደው፣ በመጀመሪያ በስልክ ስም ሳይጠራሩ ይነጋገሩ። ያገለገለውን ፊልም ከስልኩ፣ ከተሰረዙ ፋይሎች ማከማቻውና ከዩቲዩብ የተመልካች ታሪክ ሳይቀር በዚያው ምሽት ያጥፉ።