አሮጌ መኪና በሚኒሶታ ብርድ አልነሳ ሲል

በሚኒያፖሊስ ወይም በሴንት ፖል የጥር ማለዳ መኪናው አልነሳ ያለው ሰው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማስቀየር ከመቸኮሉ በፊት ድምፁን ያዳምጥ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እየከበደው የሚዞር ወይም ቀጭ ቀጭ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ወይም ኬብሉን ከባትሪው ጋር የሚያያዘው የሞርሴቶው ነው። በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላና የነዳጁን መስመር ማስመርመር ይገባል።

ብርድ ባትሪን ከሁለት ወገን ይጎዳዋል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የባትሪው ጉልበት ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ስለሚወፍር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 የወረደው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ተነስቶ ንባቡ 13.5 ካልደረሰ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይታይ።

ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን መፍታት፣ በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከዚያም አድርቆ ፖዘቲቩን አስቀድሞ ማሰር ነው። በእጅ ሲነቀነቅ ፈጽሞ መላወስ የለበትም። ውስጡ በረዶ የሆነ ወይም ጎኑ ያበጠ ባትሪ ግን ሊፈነዳ ስለሚችል ከሌላ መኪና በኬብል ለማስነሳት መሞከር አደገኛ ነው።

የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ቀጠን ያለ ዘይት ይደረግ። ራዲያተሩ ውስጥ እኩል በእኩል የተደባለቀ አንቲፍሪዝና ውሃ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። መኪናው በረዶ ውስጥ ካደረ፣ ሞተሩን ከማስነሳት በፊት የጭስ ማውጫውን ጫፍ መጥረግ ግዴታ ነው፤ በተደፈነ ማውጫ የሚመለሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

ለመንገዱ፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም ወጪ የበረዶ ጎማ ይቀድማል። ድልድይ ከሥሩም አየር ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል፤ እዚያ ላይ ፍሬን መያዝም ሆነ መሪ በድንገት ማዞር አይገባም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) በሌለው አሮጌ መኪና ፍሬኑን አጥብቆ ከመርገጥ ይልቅ እየረገጡ እየለቀቁ ማብረድ፣ መኪናው ከኋላ ከተንሸራተተም እግርን ከነዳጅ አንስቶ መሪውን መሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ በዝግታ ማዞር ያስፈልጋል።