ኮምፒውተሩ ስም ከመስጠቱ በፊት፦ የካፌይንን ማስ ስፔክትረም በዓይን ማንበብ

ማስ ስፔክትሮሜትርን፣ ማለትም ሞለኪውሎችን ሰባብሮ የስባሪዎቹን ክብደት የሚለካውን መሣሪያ፣ ለሚለማመዱ ተማሪዎች ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ኮምፒውተሩ ስም ከመስጠቱ በፊት ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየክብደቱ የቆሙትን ረዣዥምና አጫጭር መስመሮች፣ ራሳችሁ አንብቡት። የታወቁ ስፔክትረሞች የተከማቹበት የመረጃ ቋት ባዶ እጁን አይመለስም፤ ትክክለኛው ውህድ በውስጡ ባይኖር እንኳ የሚቀራረበውን አንስቶ ያቀርብላችኋል። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ይዘን እንሞክረው።

ናሙና ሳታስገቡ የባዶውን መሣሪያ ንባብ ተመልከቱ። ቁጥሮቹ ክብደቶች ናቸው፦ 18 ውሃ፣ 28 ናይትሮጅን፣ 32 ኦክስጅን ነው። 28 እና 32 ጎልተው ከወጡና የመጀመሪያው የሁለተኛውን አራት እጥፍ ያህል ከሆነ አየር እየገባ ነው። አርጎን በየመገጣጠሚያው በስሱ ንፉ፤ 40 ድንገት ከዘለለ ቀዳዳው እዚያ ነው። ለነገ አታሳድሩት፤ ኦክስጅን ኤሌክትሮን የሚያመነጨውን የጋለ ክር ይበላዋል። 207 እና 281 ከኮለኑ፣ ማለትም ናሙናው ከሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ፣ የሚለቀቅ ሲሊኮን ናቸው እንጂ ከቡናው አልመጡም። 149 ሲታይ ደግሞ የፕላስቲክ ዕቃዎቻችሁን ጠርጥሩ።

የኤሌክትሮኖቹን ኃይል 70 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ተዉት። አብዛኛው የካርቦን ውህድ አንድ ኤሌክትሮን ለማጣት ከ8 እስከ 12 ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ወደ ሞለኪውሉ የሚገባው ኃይል ይሰባብረዋል። መሰባበሩን አትጥሉት፤ የምናነበው እሱን ነው። በ70 አካባቢ ኃይሉ ትንሽ ቢዋዥቅ ስፔክትረሙ እምብዛም አይለወጥም፤ የመረጃ ቋቶቹም የተሰበሰቡት በዚሁ ኃይል ነው። አርተር ዴምፕስተር እ.ኤ.አ. በ1918 በቺካጎ ኤሌክትሮን እየተኮሰ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ መሣሪያው እጅግ ተለውጧል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ካፌይኑን ከቡናው በዳይክሎሮሜቴን አውጥታችሁ ስታስገቡ፣ አሟሚው እስኪያልፍ ክሩ ጠፍቶ ይቆይ። ከዚያ ስፔክትረሙን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። ቀኝ ጫፍ ላይ 195 ትንሽ ሆኖ፣ ከጎኑ 194 ረዥም ሆኖ ይቆማል። ሙሉው ሞለኪውል 194 ነው። 195 የከባዱ ካርቦን ድርሻ ነው፦ ለእያንዳንዱ ካርቦን 1.1 በመቶ ስትሉ ስምንቱ ካርቦኖች 9 በመቶ ገደማ ይሰጣሉ፤ ናይትሮጅኖቹ ጥቂት ይጨምሩበትና ወደ 10 ይጠጋል። 194 ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ተጋማሽ መሆኑንም ልብ በሉ፤ የናይትሮጅኖቹ ቁጥር ዜሮ ወይም ተጋማሽ ነው ማለት ነው። ካፌይን አራት አለው።

አሁን መቀነስ ጀምሩ። ከ194 ላይ 57 ሲነሳ 137 ይቀራል፤ የሄደው ሜቲል አይሶሳያኔት ነው፤ አንዱን ናይትሮጅን ከነሜቲሉ (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) ይዞ የሚወጣ ቁራጭ። 137 አጭር ስለሆነ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን የታሪኩ መገጣጠሚያ እሱ ነው እላለሁ። ከእሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም 28፣ ሲወጣ ረዥሙ 109 ይመጣል። ከ109 ላይ 27 ሲነሳ 82 ይቀራል፤ የወጣው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ነው።

የመቀነሱ ጥቅም የሚገለጠው የካፌይን ዘመዶች የሆኑት ቴኦብሮሚንና ቴኦፊሊን ሲመጡ ነው። ሁለቱም 180 ናቸው፤ በክብደት ብቻ አይለዩም። ቴኦብሮሚን ከቁራጩ ጋር በሚወጣው ናይትሮጅን ላይ ሜቲል ስለሌለው 57 ሳይሆን 43 ይጥላል፤ ስለዚህ እንደ ካፌይን 137 እና 109 ላይ ይደርሳል። ቴኦፊሊን ሜቲሉ እዚያው ስላለ 57 ጥሎ ወደ 123፣ ከዚያም ወደ 95 ይወርዳል። 109 ወይስ 95 የሚለውን በእርሳስ ጽፋችሁ ስታበቁ የመረጃ ቋቱን ክፈቱ።