አይሶቶፕ ላደናገረው ተማሪ፦ ሰፌድ አምጣ

ጅማ ተቀምጦ ቡና አጣሁ የሚል ስለሌለ የኬሚስትሪ መርጃው እጃችሁ ላይ ነው። ትናንት ታናሽ ወንድሜ አቶሚክ ቁጥር (የፕሮቶን ብዛት) እና ማስ ቁጥር (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) ሲምታቱበት፣ እማዬ ልትቆላ ከለቀመችው ጥሬ ቡና 6 ፍሬ፣ ከበቆሎም 6 ፍሬ አንስቼ ሰፌዱ መሃል ከመርኩለት። ቡናው ፕሮቶን፣ በቆሎው ኒውትሮን። ካርቦን 12 ማለት ይኸው ነው።

2 በቆሎ ስጨምር ካርቦን 14 ሆነ። ክብደቱ ጨመረ እንጂ ስሙ አልተለወጠም፤ ስሙን የሚወስነው የፕሮቶኑ ቁጥር ነዋ፤ አይሶቶፕ የሚባለው እሱ ነው። ቀጥዬ አንዱን በቆሎ በቡና ተካሁት፦ 7 ቡና፣ 7 በቆሎ። «ናይትሮጅን!» አለ ራሱ። ካርቦን 14 በተፈጥሮውም አንድ ኤሌክትሮን አስፈንጥሮ የሚቀየረው እንዲሁ ነው፤ ካለው ካርቦን 14 ግማሹ እስኪቀየር ግን 5,730 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ለኤሌክትሮን ጤፍ ይበቃል፤ በፕሮቶኑ ቁጥር ልክ ጠርዙ ላይ ጣል ጣል አድርጉ። የፕሮቶንን 1/1,836ኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ማስ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ርቀቱን ግን ሰፌድ አያሳይም፦ የካርቦን ኒውክለስ (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተከመሩበት መሃሉ) የቡና ፍሬ ቢያክል አቶሙ በመቶዎች ሜትር ይሰፋል።

ደግሞ ቡናውን ከበቆሎው ለይታችሁ መልሱ። እኔ ረስቼ እማዬ ምጣዱ ላይ በቆሎ ሲፈነዳ አገኘችው።