ስዊድን ከመሄዳችሁ በፊት የልደት ቀናችሁን አጣሩ

ቅዳሜ ማታ የጎረቤታችን ልጅ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ገና ተማሪ ነበረች። አሁን ስዊድን ባሏ ጋ ልትሄድ ነው። እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ኖሬ ስለተመለስኩ ጥያቄዋን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ስለ ጃኬት፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ሻንጣ ኪሎ። እኔ ግን መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬትሽን አሳዪኝ አልኳት።

ስዊድን ውስጥ ኑሮ የሚጀመረው ፐርሶንኑመር የሚባለው የመታወቂያ ቁጥር ሲወጣ ነው። ባንክ ስትሄዱም ሐኪም ቤት ስትሄዱም የሚጠየቀው እሱ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከትውልድ ቀናችሁ ነው የሚሠራው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ አራት አሃዝ።

የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጥር 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ነው። ቁጥሩ በ980113 መጀመር አለበት። ወረቀቱ ላይ ግን 05/05/1990 ተብሎ እንዳለ ከተቀመጠ፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ ሜይ 5 ቀን 1990 ብሎ ያነበዋል። በዕድሜው ላይ ወደ ስምንት ዓመት ተጨመረበት ማለት ነው። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው፤ ትክክለኛው ቀን የቱ እንደሆነ በማስረጃ ማሳመን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የእኔን ሰነድ የተረጎመው ሰው ቀኑን ሳይቀይር አልፎት ስለነበር ስንት ወር እንደተንከራተትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ዋናውን ሰነድ በእጅ ሻንጣ ያዙ።

ስትደርሱ የምትመዘገቡት ስካተቬርኬት በሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት ነው። ግብር ከእኔ ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ የሕዝብ ምዝገባው የእሱ ሥራ ነው። በፈረንጅ እስከ 1991 ድረስ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ይዛችሁ ራሳችሁ ትቀርባላችሁ፤ ልጆች ካሉም አብረው ይሄዳሉ። የሚመዘገበው ቢያንስ አንድ ዓመት የሚኖር ሰው ነው። ከዚያ በታች ለሚቆይ ሌላ ዓይነት ቁጥር አለ፤ እሱ የትውልድ ቀኑ ላይ 60 ይደመርበታል። 13 የነበረው 73 ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። እዚህ ሰፈራችን ደብዳቤ በር ድረስ አይመጣም። እዚያ ግን የምዝገባው ውሳኔ በፖስታ፣ እስከ መኖሪያ ቤታችሁ ድረስ ነው የሚላከው። በሩ ላይ ስማችሁ ከሌለ ደብዳቤው ሊመለስ ይችላል። የምታርፉት ዘመድ ቤት ከሆነ በገባችሁበት ቀን ስማችሁን በሩ ላይ ለጥፉ።

የልጅቷ ቀን ልክ ነው፣ ደስ ብሎኛል። የአያቷ ስም ግን ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። በረራዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰኞ በጠዋት ወረዳ እንሄዳለን።